የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት ለየብቻ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጦቻችን ስለ ሩቅ ምሥራቅም ሆነ ስለ ዐረብ አገር ከተሞች በሚጽፉበት ጊዜ «ከዚህ ከተማ እስከዚያ ከተማ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን ይህን ያህል ሰዓት» የምትል አንድ መስመር አትጠፋም። ይህች መስመር የጽሑፉ ማጣፈጫ ሆና የምትገባ ትመስላለች። እኛ በወሎ የምንኖር አንባቢዎች ግን ከጽሑፉ ሁሉ ለይተን የምንይዘው እሷኑ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ዱባይ ላይ ዕቃ የሚያይ፣ ከዚያም እስከ ቻይናዋ ጓንዡ ዘልቆ የሚያስጭን ነጋዴ አለን። ከሪያድ ጅዳ፣ ከቤሩት ዱባይ የሚዘዋወሩ ልጆች፣ እኅቶችና ወንድሞችም በየቤቱ አሉን። የአየር ጉዞ ሰዓት ለእነዚህ ሰዎች ቤተሰብ የዕለት ጉዳይ ስለሆነ፣ በጋዜጣ የሚታተመው ቁጥር ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ በግልጽ እንዲነገረን ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ የማነሣቸውም ነጥቦች ከዚያ ሙያ ብዙም አይርቁም።

ነገሩን በአንድ ጥንድ ከተሞች ላይ አተኩሬ ላስረዳ። ከዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጓንዡ ባዩን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 5,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ሁለቱ ቦታዎች በምድር ሉል ላይ ያላቸውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ፣ በሉሉ ገጽ ላይ በመካከላቸው ሊሰመር የሚችለውን አጭሩን መስመር በማስላት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የስሌት ውጤት እንጂ አንድ አውሮፕላን በአንድ ቀን የበረረው መንገድ አይደለም። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን የወረደ ሁሉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ መኪናው እየተጠማዘዘ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርድበት መንገድ በቀጥታ መስመር ቢለካ ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ሰማይ ላይ ዳገትም ቁልቁለትም ባይኖርም፣ አውሮፕላንን የሚያጠማዝዙ ሌሎች ነገሮች አሉ። እነሱን ከማንሣቴ በፊት ግን ስለ ራሱ ስለ መስመሩ ጥቂት ማለት ይገባኛል።

በክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠፍጣፋ ካርታ ዱባይንና ጓንዡን በማስመሪያ የሚያገናኝ ተማሪ መስመሩ በሕንድ መካከል ሲያልፍ ያያል። ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ25 እና በ23 ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉና እንዲህ ማሰቡ አያስገርምም። በሉሉ ላይ ያለው አጭሩ መስመር ግን ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ፣ አጋማሹ ላይ 27 ዲግሪን አልፎ፣ በኔፓልና በሕንድ ድንበር አጠገብ በሂማላያ ግርጌ ያልፋል። በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል የሁለቱ መስመሮች የርዝመት ልዩነት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሊናቅ ይችላል። ወደ ሰሜን ከፍ ሲባል ግን አይናቅም። አንካራና ቤጂንግ ሁለቱም በ40 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ያንን የኬክሮስ መስመር ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው 7,100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ አጭሩ መንገድ ግን በካዛኽስታን በኩል እስከ 48 ዲግሪ ወጥቶ ተመልሶ 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በካርታ ላይ የተጣመመ የሚመስለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳጥራል ማለት ነው። ጋዜጣው ከጽሑፉ ጋር ካርታ አትሞ ሁለት ከተሞችን በቀጥታ መስመር ሲያገናኝ፣ ከሥሩ የሚጻፈው ኪሎ ሜትር የዚያ መስመር ርዝመት እንዳልሆነ ቢያንስ አዘጋጆቹ ሊያውቁት ይገባል።

በመለኪያው ላይም ጥንቃቄ ይጎድላል። ይኸው የዱባይና የጓንዡ ርቀት በየብስ ማይል 3,620፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 3,147 ገደማ ነው። የየብሱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር፣ የባሕሩ ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ጸሐፊ በዚህ መስመር ላይ ብቻ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳስታል። ከውጭ ምንጭ በሚወሰዱ ጽሑፎች ላይ «ማይል» ተብሎ ብቻ ሲቀር የትኛው እንደሆነ አንባቢ የሚያውቅበት መንገድ የለም። በኪሎ ሜትር ተለውጦ ቢታተም ከሁሉም ይሻላል።

አሁን ወደ መጠማዘዙ ልመለስ። አውሮፕላን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄደው በተሰመሩለት የአየር መስመሮች፣ አገሮች በፈቀዱለት ክልልና ለደኅንነት በሚበጀው አቅጣጫ ነው። ከዴልሂ ወደ ቤጂንግ በሉሉ ላይ የሚሰመረው አጭሩ መስመር 3,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሂማላያንና የቲቤትን አምባ አቋርጦ ያልፋል፤ አውሮፕላኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አምባ ይሸሹታል። ምክንያቱ በላዩ መብረር አለመቻላቸው አይደለም። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በድንገት ቢወርድ፣ አብራሪው ሰው ያለ ጭንብል ሊተነፍስ ወደሚችልበት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ በፍጥነት መውረድ አለበት። ለመንገደኞች ከላይ የሚወርደው የኦክስጅን ጭንብልም የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። የቲቤት አምባ መሬቱ ራሱ በአማካይ ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ወደዚያ ከፍታ የሚወረድበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጉዞው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ዞሮ ይረዝማል። ርቀቱን ብቻ አይቶ ሰዓቱን የሚገምት ሰው ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም።

ከተራራ ይልቅ መንገድ የሚያስረዝመው የመንግሥታት ጠብ ነው። ዶሃና ዱባይ በአየር የሚራራቁት 380 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ነበር። በግንቦት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ከቀጠር ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ሲያቋርጡ የቀጥታ በረራው ቆመ፤ እስከ ጥር 2013 ዓ.ም. ድረስም አልተመለሰም። በእነዚያ ዓመታት ከዶሃ ዱባይ መሄድ የፈለገ መንገደኛ በኦማን መዲና በሙስካት ወይም በኩዌት በኩል መዞር ነበረበት። በሙስካት በኩል ያለው መንገድ ሁለቱን በረራዎች ደምሮ 1,050 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መሐል ላይ አውሮፕላን መለወጫ የሚጠበቀው ሰዓት ከበረራው ሊበልጥ ይችል ነበር። የሁለቱ ከተሞች ርቀት በእነዚያ ዓመታት አንድ ሜትር እንኳ አልጨመረም። በዚያ ወቅት «ከዶሃ ዱባይ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ያነበበና በሁለቱም ከተሞች ዘመድ ያለው የወሎ ሰው ምን ሊጠቅመው ይችል እንደነበር እናንተው ፍረዱ። በሕንድና በፓኪስታን መካከልም በየካቲት 2011 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ፓኪስታን የአየር ክልሏን ዘግታ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በሐምሌ ነበር፤ ከባሕረ ሰላጤው ወደ ምሥራቅ የሚበሩ አውሮፕላኖችም በዚያው ሰሞን መንገድ ለመቀየር ተገድደዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ርቀት ነው። በሰዓት በኩል ያለው ግራ መጋባት ይብሳል።

ብዙ ሰው ርቀቱን በአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍሎ የጉዞውን ሰዓት የሚያገኝ ይመስለዋል። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። በዚህ ስሌት ከሪያድ ጅዳ ያለው 850 ኪሎ ሜትር በ57 ደቂቃ ማለቅ ነበረበት። አየር መንገዶች የሚያወጡት መርሐ ግብር ግን ለዚህ በረራ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል ይይዛል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለው የአየር ርቀት ደግሞ 250 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚሁ ፍጥነት ቢሰላ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም ነበር። የሄደበት ሰው ግን አውሮፕላኑ ተነሥቶ፣ ከፍታ ይዞ፣ እንደገና ዝቅ ብሎ እስኪያርፍ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚፈጅ ያውቃል፤ በዚህ መስመር የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ፍጥነታቸውም ያነሰ ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንሥቶ በመድረሻው ማረፊያ ተጠግቶ እስኪቆም ድረስ ነው። ወደ መንደርደሪያው የሚደረገው መንፏቀቅ፣ ተራ መጠበቁ፣ ካረፉ በኋላ ወደ በሩ መጠጋቱ ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ። አየር መንገዶችም ዘግይተዋል እንዳይባሉ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩበታል። በረራው ባጠረ ቁጥር እነዚህ ደቂቃዎች ከጠቅላላው ሰዓት የሚይዙት ድርሻ ያድጋል፤ ስለዚህ ርቀትን በፍጥነት ማካፈል ለረጅሙ በረራ ለግምት ቢበቃም ለአጭሩ ፈጽሞ አይሆንም።

ሌላው ምክንያት ነፋስ ነው። ከዱባይ ወደ ጓንዡ ሲኬድ በረራው ከሰባት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ከጓንዡ ወደ ዱባይ ሲመለሱ ግን ከስምንት ሰዓት በላይ ይወስዳል። መንገዱ ያው፣ አውሮፕላኑም ያው ሊሆን ይችላል። በክረምት የአየር ንብረት ትምህርት ስናስተምር የምናነሣው፣ ጀት ስትሪም የሚባለው ከፍተኛ የአየር ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግሰው አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ባለው ላይ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ብርድ ወራት፣ ማለትም ከእኛ ኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ አንዱ ቅርንጫፉ በሂማላያ ደቡብ በኩል ያልፋል፤ በምሥራቅ እስያና በጃፓን ሰማይ ላይ ደግሞ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደ ምዕራብ የሚመለሰውን ከፊት ይጋፋዋል። በመንገዱ ሁሉ ላይ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢኖር እንኳ 5,830 ኪሎ ሜትሩ ሲኬድ በስድስት ሰዓት ከ4 ደቂቃ፣ ሲመለስ በስድስት ሰዓት ከ56 ደቂቃ ያልቃል፤ የመነሻና የማረፊያው ጊዜ ሲታከልበት በመርሐ ግብሩ ላይ ወደምናየው ልዩነት ይጠጋል። የሕንድ ክረምት ዝናብ በሚገባበት ወቅት፣ እኛም ሰኔን ስንቀበል፣ ይህ ጅረት ከቲቤት አምባ በስተ ሰሜን ይሸሻል፤ ያን ጊዜ የመሄጃና የመመለሻው ልዩነት ይጠባል። አየር መንገዶችም በዓመት ሁለት መርሐ ግብር ሲያወጡ ይህን የወቅት ልዩነት ያገናዝባሉ። እንግዲህ «በአውሮፕላን ሰባት ሰዓት» ብሎ መጻፍ አቅጣጫውን ካልተናገረ ግማሽ እውነት ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበትን፣ ጋዜጣው ሊያቃናው የሚችለውንም ነገር አሁን ላንሣ። ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው፤ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው ከተማ ነው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት፣ ቻይና በአምስት ሰዓት ይቀድማሉ፤ በዱባይና በጓንዡ መካከል የአራት ሰዓት ልዩነት አለ። ለምሳሌ ያህል ከዱባይ በ10:30 ተነሥቶ ጓንዡ በ21:45 የሚደርስ በረራ ብንወስድ፣ ቁጥሮቹን ዝም ብሎ የቀነሰ ሰው የአሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ጉዞ ያገኛል። በመመለሻው ከጓንዡ በ00:15 ተነሥቶ ዱባይ በ04:45 የሚደርስ ቢሆን ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆንበታል። ከዚህ የተነሣ መመለሻው ከመሄጃው በእጥፍ የሚፈጥን የሚመስለው ሰው አለ፤ እውነቱ ግን እንዳልሁት የተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያው በረራ ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ሁለተኛው ስምንት ሰዓት ተኩል ነው።

ለተማሪዎቼም ሆነ ትኬት ይዘው ለሚጠይቁኝ የምመክረው ቀላል ዘዴ ሁለቱንም ሰዓት ወደ ደሴ ሰዓት መመለስ ነው። ከዱባይ 10:30 ማለት በደሴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ጓንዡ 21:45 ማለት በደሴ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ45 ነው። ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ከ45 ሰባት ሰዓት ከሩብ ይሆናል፤ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። በመመለሻውም የጓንዡ 00:15 በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ፣ የዱባዩ 04:45 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ45 ስለሆነ ስምንት ሰዓት ተኩሉ በግልጽ ይታያል። ቤት ተቀምጦ የልጁን መድረስ የሚጠባበቅ አባት የሚያስፈልገውም ይኸው በራሱ ሰዓት የተነገረው ቁጥር ነው።

ልዩነቱ ሁልጊዜ በሙሉ ሰዓት አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ሕንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል በሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ። ሳዑዲ ዐረቢያ ሰዓቷ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ጅዳ ከደሴ ሊባል በሚችል ደረጃ ቀጥታ ወደ ሰሜን ላይ ስላለች ይህ የሚጠበቅ ነው። ከሪያድ ጅዳ የምትበር እኅት ትኬት ላይ ያለው ልዩነት የበረራው ትክክለኛ ርዝመት ነው፤ በዚህ መስመር የሚያሳስት የሰዓት ልዩነት የለም። ቻይና ደግሞ ያን ሁሉ ስፋት ይዛ በመላ አገሯ አንድ ሰዓት ብቻ ስለምትጠቀም፣ በሰሜን ምዕራብ ካለችው ከኡሩምቺ ወደ ጓንዡ ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የበረረ ሰው የእጅ ሰዓቱን አይነካም። ሊባኖስ ግን በፈረንጆቹ መጋቢትና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰዓቷን ወደፊትና ወደኋላ ትለውጣለች። ስለዚህ 2,140 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁት በቤሩትና በዱባይ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት አንዴ ሁለት፣ አንዴ አንድ ይሆናል። ባለፈው ዓመት በነበረው ትኬት የዘንድሮውን የሚገምት ሰው በአንድ ሰዓት ሊሳሳት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀኑም እንደ ሰዓቱ ነው፤ እንዲያውም የቀኑ ስሕተት ገንዘብ ያስወጣል። በትኬት ላይ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እኛ ግን ሌሊቱን እስኪነጋ ከመሸው ቀን ጋር የምንቆጥር ሰዎች ነን። «ረቡዕ 00:15» የሚል ትኬት የያዘ ሰው «ረቡዕ ሌሊት ነው» ብሎ ረቡዕ ማታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ቢሄድ፣ በረራው ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። በአማርኛ በትክክል የሚባለው «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15» ነው። አባቶቻችን ይህን አነጋገር ለበዓልና ለልቅሶ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ለአውሮፕላንም ያለ አንዳች ማሻሻያ ያገለግላል። ከዱባይም ሆነ ከጓንዡ ብዙ በረራዎች ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ የሚነሡ በመሆናቸው ይህ እምብዛም የማይገጥም ጉዳይ ነው ሊባል አይችልም። ትኬት የሚቆርጡ ቢሮዎችም ደንበኛው በእጁ ይዞት በሚሄደው ወረቀት ላይ ይህችን አንድ መስመር በእጃቸው ቢጽፉለት ምን ነበረበት? በደሴ ሸዋ በር አካባቢ የሚነግዱ፣ በዚህ ስሕተት ትኬታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች አሉ፤ ያጡትን ገንዘብ የመለሰላቸው የለም።

ከርቀትና ከሰዓት ጋር ተያይዞ ለነጋዴዎቻችን የሚጠቅም አንድ ስሌት ልጨምር። ከአዲስ አበባ ጓንዡ በቀጥታ 8,040 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዱባይ በኩል የሚሄድ ደግሞ መጀመሪያ 2,520፣ ቀጥሎ 5,830፣ በድምሩ 8,350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የርቀቱ ልዩነት 310 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በአውሮፕላን ፍጥነት ቢሰላ ከሃያ አንድ ደቂቃ አይበልጥም። ጊዜውን የሚበላው ዱባይ ላይ ወርዶ ቀጣዩን በረራ መጠበቁ ነው፤ እሱም ሁለት ሰዓትም አሥራ ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። በመሐሉ ዱባይ ላይ ሥራ ያለው ነጋዴ ይህ አያስጨንቀውም። በቀጥታ ወደ ጓንዡ ገበያ ለሚሄደው ግን የትኬቱን ዋጋ ከማነጻጸሩ በፊት የመቆያውን ሰዓት መጠየቅ ይጠቅመዋል። በርቀት ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱ መንገዶች ወንድማማች ይመስላሉ፤ በሰዓት ግን ይለያያሉ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ጋዜጣችሁ የሁለት ከተሞችን የአየር ጉዞ በሚጠቅስበት ጊዜ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይንገረን፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ የተለካ አጭሩ መስመር መሆኑንም ይግለጽ። ሰዓቱን ሲጽፍ መሄጃውንና መመለሻውን ይለይ፤ የቀጥታ በረራ ይሁን በሌላ ከተማ በኩል የሚያልፍ ያመልክት፤ የሁለቱን ከተሞች የሰዓት ልዩነት በእኛ ሰዓት ያስቀምጥ። የቦታ ጥበት ይከለክለናል የሚል መልስ ሊመጣ እንደሚችል እገምታለሁ። ቦታ እንደማይፈጅ ለማሳየት ስለ ዱባይና ጓንዡ ቢጻፍ ደስ የሚለኝን ዓረፍተ ነገር እነሆ፦ «ከዱባይ ጓንዡ በአየር 5,830 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ያለ ማረፍ የሚደረገው በረራ ሲኬድ ከሰባት ሰዓት፣ ሲመለስ ከስምንት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ የጓንዡ ሰዓት ዱባይን በአራት፣ አዲስ አበባን በአምስት ሰዓት ይቀድማል»። ይህ ሁሉ በአንድ አምድ ላይ ከአራትና ከአምስት መስመር አይበልጥም። የአየር ክልል በተዘጋበት ወቅት ደግሞ መንገዱ መለወጡን የምትናገር አንዲት ሐረግ መጨመር ይበቃል።

በየሳምንቱ የአየር መንገዶችን መርሐ ግብር እንድታትሙልን አልጠየቅሁም፤ እሱ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ስለሆነ ከትኬት ቢሮ መጠየቁ ይሻላል። እንዲህ ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጡት ርቀቱ፣ የነፋሱ አቅጣጫና የሰዓት ቀጠናው ናቸው፤ እነዚህን ከአስተማማኝ ምንጭ አንድ ጊዜ አጣርቶ በዝግጅት ክፍሉ ማኖር ይቻላል። ለዚህም በአካባቢያችን ካሉ ትምህርት ቤቶች የጂኦግራፊ መምህራን መካከል ፈቃደኛ ሆኖ ስሌቱን የሚያጣራላችሁ እንደማይጠፋ አምናለሁ፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህር
ደሴ፣ ወሎ